ሳማና ሰም

ለወንድሜ፣

እንደ ወጉ ቢሆን መጀመሪያ አንተ እንደምን ነህ፣ ሚስትህ እንዴት ናት፣ ልጆቹስ አደጉ ወይ ብዬ ጠይቄ፣ እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ እያልኩ ነበር የምቀጥለው። ጠይቄሃለሁ፤ ሁላችሁም ደህና ሁኑልኝ። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን አንተው ራስህ ታማለች ብለህ ለአለቃዬ ጽፈህብኛል። እሺ፣ ታምሜአለሁ። ያመመኝ ንዴት ነው።

ስልክ ልደውልልህ አስቤ ነበር። ግን አውቅሃለሁ፤ ድምፄ ከፍ ማለት ሲጀምር እታለም፣ መስመሩ አይሰማም ብለህ ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ አይዘጋም። ብታጥፈው፣ ኪስህ ብትከተው፣ ነገሩ እዚያው ውስጡ ይጠብቅሃል።

እስቲ ማን ጠየቀህ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሉሃል ይሄ ነው። ባለፈው ወር፣ ሰኞ ጠዋት፣ እጄን ታጥቤ ወደ ጠረጴዛዬ ስሄድ አለቃዬ ቢሮው አስጠራኝ። አለቃዬን ታስታውሰዋለህ፤ የሻማ ማምረቻው ሠራተኛ በሙሉ ሜትር ብሎ የሚጠራው፣ ኪሱ ውስጥ ሜትር ይዞ ሻማውንም ካርቶኑንም እኛንም ሲለካ የሚውለው ሰው። ተቀመጪ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ስሠራ አንድ ቀን ተቀመጪ ብሎኝ አያውቅም፤ ሰው የሞተብኝ መሰለኝ። ከዚያ ከመሳቢያው ያንተን ደብዳቤ አወጣ።

በታይፕ የተጻፈ። ቀን አለው። ጉዳዩ የሚል አለው፤ ከሥሩ ተሰምሮበታል። የእህቴን የጤና ሁኔታ ስለማሳወቅ ይላል። ከዚያ ወርደህ እህትህ የእጅ ቁርጥማት እንዳለባት፣ ከትኩስ ሰም ተነሥታ ወደ ውጭ ስትወጣ ብርድ አንጓዋ ውስጥ እየገባ እንደሚጎዳት፣ ይህንንም አንድ የታወቁ የቅጠል አዋቂ እንዳረጋገጡልህ ትተርካለህ። ስለዚህም በሰብአዊነት ቀለል ያለ ሥራ ይሰጣት ዘንድ ትለምናለህ። በሰብአዊነት። እዚህ ቃል ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። በእጅህ የተጻፈ ቢሆን ሜትር ጨምድዶ በጣለው ነበር፤ ታይፕ ሆኖ ስላየው ፋይል ከፈተለት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል ነኝ። አሁን አምስት ሳምንት ሆነኝ።

አንተ ሰም ሲባል የሚፈላ ነገር ብቻ ነው የሚታይህ። የሚፈላውማ በርሜሉ ጋ ነው፤ እዚያ የሚሠሩት ጓንት አላቸው። የእኔ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። ሰሙ ዝርግ ትሪ ላይ ይፈሳል፤ ማቃጠሉን ትቶ ሙቀቱ ብቻ ሲቀረው፣ እንደ ሊጥ ሲለሰልስ፣ ወደኛ ጠረጴዛ ይመጣል። እናሸዋለን። ክሩን መሀሉ ላይ አስተኝተን በመዳፋችን እናድቦለብለዋለን። ያ የክንድ ውፍረት ያለው፣ ለአዳራሽ የሚገዙት ሻማ እንዲህ ነው የሚሠራው። ማሽን ሞክረውበት ነበር፤ እየሰነጠቀ አስቸገራቸውና ወደ እኛ እጅ ተመለሱ።

ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ ጣቶቼ ደረቅ ጭራሮ ናቸው፤ ይህን አልክድህም። ሻሼን ማሰር ያቅተኛል። የጥርስ ሳሙናውን ክዳን በጥርሴ ነው የምከፍተው። ሰሙ ጋ ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ በአንድ ይፈታሉ። መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ቀጥሎ ሌሎቹ፤ አውራ ጣት ኩሩ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አጠገቤ የምትሠራው፣ ሳቂታ የምንላት ሴት፣ እንግዲህ እጅሽ ነቃ፣ ምላስሽም ሊከተል ነው ትለኛለች። ምሳ ሰዓት ላይ እጄን ያየ ሰው ታማ ነበር አይልም።

ሐኪም ቤት ሳትሄድ ነው እንዲህ የምትለው ብለህ ደግሞ እንዳትነሣብኝ። ሄጃለሁ። የአንጓ ብግነት ነው ብሎ ሐኪሙ ኪኒን አዘዘልኝ፤ ሳላጓድል እውጣለሁ። ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍልም መራኝ። እዚያ ያለችው ባለሙያ ሥራሽ ምንድን ነው ስትለኝ ነገርኳት፤ ብዕሯን አስቀምጣ ሳቀች። ሌላው በሽተኛ እኛ ጋ መጥቶ እጁን ሞቅ ያለ ሰም የሚያስነካው ቀጠሮ ይዞ ነው፣ አንቺ በየቀኑ እዚያው ትውያለሽ አለችኝ። ሙቀቱ ግትርነቱን እንደሚያለዝብ፣ ማሸቱ ደግሞ ጣቶቼን እንደሚያሠራ አስረዳችኝ። ያድነኛል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አያድንሽም፣ ግን እንዳይቆለፉብሽ ይረዳል፤ ኪኒንሽን አታቋርጪ፣ ሥራሽንም ካልከበደሽ አትተዪ አለችኝ። ይህን ያለችኝ ተምራ ነው። ያንተ የቅጠል አዋቂ የኔን እጅ በሕልሙም አላየው።

አሁን ቀላል ሥራ አገኘሁልሽ ያልከኝን ልንገርህ። ማሸጊያ ክፍሉ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በሩ መኪኖች ወደሚጫኑበት ግቢ ስለሚከፈት ቀኑን ሙሉ አይዘጋም፤ ነፋሱ እግሬ ሥር ይገባና በእጅጌዬ ይወጣል። ሥራዬ የፋብሪካው ስም ያለበትን ወረቀት ሻማው ላይ መለጠፍ ነው። ሙጫው ቀዝቃዛ፣ ሻማው ቀዝቃዛ፣ ወንበሩ ቀዝቃዛ። በሁለተኛው ሳምንት የቀለበት ጣቴ ታጠፈችና አልቃናም አለች። በሦስተኛው ሳምንት ሻዬን በሁለት እጄ መያዝ ጀመርኩ። ትናንት የቤቴን ቁልፍ ማዞር አቅቶኝ ጎረቤቴን ጠራሁ። እሷም ምነው እንዲህ ሆንሽ፣ ደህና አልነበርሽ እንዴ አለችኝ። ወንድሜ አዘነልኝ ልበላት?

እኔ የማላውቀው ደግሞ ይህ አባዜ ከየት እንደያዘህ ነው። ከዓመት በላይ ሆነህ እኮ፤ በየወሩ አንድ ነገር ትልክልኛለህ፣ አንድ ነገር ታዝልኛለህ። መጀመሪያ የመዳብ አምባር መጣ። አድርጊው፣ ሕመሙን ይስበዋል አልክ። አንጓዬን አረንጓዴ አድርጎት ሳቂታ ምነው ዛግሽ ብላ ስታስቅብኝ ሰነበተች። ቀጥሎ ዝንጅብል፣ እርድና ነጭ ሽንኩርት በማር የተለወሰበት ጠርሙስ መጣ። እሱ እንኳ ክፉ አልነበረም፤ ጉንፋኔን ወስዶልኛል፣ ጉንዳኖቹም ወደውታል። ከዚያ የምግብ ዝርዝር። ቲማቲም አትብይ፣ ድንች አትንኪ፣ ሥጋ ይቅርብሽ፣ ስኳር ጠላትሽ ነው፣ ጨው ቀንሺ። ታዲያ ምን ልብላ፣ ዝርዝሩ የተጻፈበትን ወረቀት? ከዚያ ደግሞ የንብ መርዝ አንጓ ያፍታታል ተብሏልና ቀፎ ያለው ሰው ፈልገሽ ጣትሽን አስነድፊ አልከኝ። ቀፎ ያለውማ ሰው አለ፤ ሰም ከሚያመጡልን አንዱ ነው። ብነግረው፣ እኔ ንቦቼን የማረባው ለማር ነው እንጂ ለጠብ አይደለም ብሎ ሄደ።

ጥያቄውስ? እያንዳንዱ መድኃኒት ጥያቄ አስከትሎ ነው የሚመጣው። በስንተኛው ቀን ለቀቀሽ? ሲነጋ ነው የሚብሰው ወይስ ሲመሽ? አውራ ጣትሽን የሚያምሽ ሥሩ ላይ ነው ወይስ መሀል አንጓው ላይ? ትንሽ ብሎን በወረንጦ ስታነሺ እጅሽ ይንቀጠቀጣል ወይስ አይጨብጥም? ወንድሜ፣ እኔ ከብሎን ጋር ምን አገናኘኝ? ሻማ ውስጥ ብሎን የለም። አንተ ሰዓት ጠጋኝ ስለሆንክ ሰው ሁሉ ብሎን የሚያነሣ ይመስልሃል ብዬ አለፍኩት።

ከሁሉም ያማረረኝ ሳማው ነው። በእርጥብ ሳማ የእጅሽን ጀርባ ጠዋት ጠዋት ግረፊው፣ ደሙን ይጠራዋል አልክ። ሞከርኩት፤ አንድ ጊዜ። እጄ እንደ ዳቦ ተነፋ። ሦስት ቀን ሙሉ ተለብልቦ ሲያሳክከኝ፣ እንቅልፍ ሲነሣኝ ከረመ። አንተ ግን ሳማውስ፣ ሳማውስ እያልክ ጨቀጨቅከኝ፤ በመጨረሻ ሰለቸኝና ሳማው ግሩም ነው፣ ጣቶቼ ለቀቅ ብለውልኛል፣ ተመስገን ብዬ ጻፍኩልህ። ጻፍኩልህ እንጂ ሁለተኛ አልነካሁትም። ዝም ታሰኝሃለች ብዬ የጻፍኳት ቃል ናት።

ደግሞ አጻጻፍህ። ያ የሚያምር ጽሕፈትህ የት ገባ? ልጅ ሆነህ ፊደል ስታስተካክል ሰው ቆሞ ያይህ ነበር። አሁን ለእህትህ ታይፒስት ቤት ሄደህ፣ ጉዳዩ፦ የጤናሽን ሁኔታ ስለመጠየቅ እያስባልክ ትልክልኛለህ። እኔ መሥሪያ ቤት ነኝ? ፊርማህ እንኳ ድሮ ጅራቱ ገጹን ያቋርጥ የነበረው አሁን አንድ ጭረት ሆኗል። ተልቀሃል ማለት ነው። ሰው ሲልቅ እህቱንም በማኅተም ያናግራል።

እናታችንን ረስተሃታል? ያን እጇን? ሹራብ ስትሠራ ጣቷ የማይያዝ የነበረችው ሴት ሕመሙ ሲጀምራት ምን አደረግናት? ተዪ እማዬ፣ እኛ አለን፣ አንቺ እረፊ አልናት። መርፌዎቿን ሳጥን ውስጥ ቆለፍንባት። ልብስ እንዳታጥብ፣ ሽንኩርት እንዳትልጥ፣ ምንም እንዳትነካ አደረግናት። በፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። እሷም በፍቅራችን ተቀምጣ እጇ ተዘጋ። የቀሚሷን ቁልፍ የምትቆልፍላት አንተ ነበርክ፤ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ብርጭቆ ለማንሣት ስትታገል ግን አይተህ አትችልም፤ ወጥተህ ደጅ ትቆም ነበር። የሞተች ቀን እጇን ልናቃና ሞክረን እንዳቃተን ታስታውሳለህ። እኔ በየቀኑ ነው የማስታውሰው። ሰዎች እረፊ ሲሉኝ የሚታየኝ ያ ጭብጥ ነው። ሌላው ሰው ባያውቅ አንተ እንዴት እረፊ ትለኛለህ?

ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ቁጭ በልና ለሜትር ጻፍለት። ተሳስቼ ነው፣ እህቴ ወደ ሰሙ ትመለስ በለው። እኔ ብለምነው ብለምነው፣ ፋይል ውስጥ የገባን ደብዳቤ የሚሽረው ሌላ ደብዳቤ ነው፣ ነገ ወንድምሽ ቢከሰኝስ እያለ ይመልሰኛል። የወሩ መጨረሻ ላይ ቦታዬን ለሌላ ሴት አጽድቆ ሊሰጥ ነው። ከዚያ በኋላ ብትጽፍም ብትተውም ለእኔ አንድ ነው፤ እጄ ያኔ አልቆለታል። ደግሞ በእጅህ ጻፈው። ታይፕ ካየሁ እቀደዋለሁ።



ከላይ ያለውን የጻፍኩት እሑድ ነው። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ፖስታ ቤት ላደርሰው ፖስታውን ለጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ፖስታውን ቀድጄ እንደገና ተቀምጫለሁ።

ሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ካንተ ከተማ ተመለሰ። ሻማ አድርሶ ሲመጣ ማሸጊያ ክፍሉ በር ላይ ነው መኪናውን የሚያቆመው፤ ይህ ክፍል ያስገኘልኝ ጥቅም ይህ ብቻ ነው። ሰዓቱ ቆሞበት ስለነበር ወንድሜ ጋ ውሰደው፣ በእሱ እጅ ያልዳነ ሰዓት የለም ብዬ ልኬው ነበር። መጣና ወቀሰኝ። ወንድምሽ ደግ ሰው ነው፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ስላንቺ ጠየቀኝ፤ ሰዓቴን ግን አልሠራልኝም አለኝ። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አገላብጦ አየውና፣ ክዳኑን ሳይከፍት፣ እንዲህ ዓይነቱን ማዶ ያለው ሰውዬ ይሻልሃል ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ ሰደደኝ አለ። አንተ። ሰው ሰዓት ይዞልህ መጥቶ ሰዓቱ እንደ ቆመ ከሚመለስ እንቅልፍ ብታጣ የምትመርጠው ሰው።

እኔም ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኩት። ምን ሥራ፣ የሰዓት ማሰሪያ እየሸጠ ነው የሚውለው አለኝ። ሹፌሩ ወሬ አይደብቅም፤ ምን እያወራ እንደሆነም አላወቀም። ለሰላምታ እጄን ስሰጠው ዘይት ነክቶኛል ብሎ አንጓውን ዘረጋልኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ ጠብታ ዘይት አላየሁም እያለ ሳቀብህ። በዚያ ላይ የእጁ ጀርባ ተለብልቦ ቀልቷል፤ ምን ነካህ ስለው ቅጠል ነው አለኝ። መኪናዬን ያቆምኩት ከሱቁ ጀርባ ነው፣ አጥሩ ሥር ሳማ በቅሏል፣ ግማሹ ታጭዶ አልቋል፤ ልጆች መሰሉኝ ያጨዱት አለኝ።

ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ። ሹፌሩ ያዞረኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ወንድሜ፣ እሑድ የተቆጣሁት ቁጣ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ የመጣብኝ ከሰኞ ወዲህ ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ሲባል እሰማ ነበር፤ እህቱ እጅ ላይ የሚሰድ ሰው ግን አላውቅም። አምባሩን አድርጋ አረንጓዴ ሆነች፣ ተወው። ማሩ ጉንፋን ብቻ ነው የሚወስደው፣ ይለፍ። ሳማው ለቀቅ አደረጋት፣ እሺ ወደ አጥሩ። እንዲህ ነው ስታደርግ የከረምከው? ብሎኑም ያንተ ብሎን፣ አውራ ጣቱም ያንተ አውራ ጣት፣ ታይፑም ለዚያው? እኔ ደግሞ ጅሏ፣ ለእኔ ያስባል እያልኩ በስንተኛው ቀን እንደለቀቀኝ ስጽፍልህ ኖርኩ።

ሞከርክብኝ ብዬ እንዳይመስልህ የምንገበገበው። እታለም፣ እንዲህ ሆኛለሁ፣ እስቲ ቀድመሽ ሞክሪልኝ ብትለኝ ኖሮ ሁሉንም እሞክርልህ ነበር። ለንቦቹም ጣቴን እሰጥ ነበር። አንጀቴን ያሳረረው አለመንገርህ ነው። ማንን ፈርተህ? እኔን? ከእናታችን እጅ እስከ ዛሬ እየሸሸህ ደጅ ትቆማለህ?

አሁን የኔን ጥፋት ስማ፣ አንዴ ስለምናገረው። ስለ ሳማው ዋሽቼሃለሁ። ለቀቅ አላደረገኝም። አሳበጠኝ፣ አሳከከኝ፣ ጥዬዋለሁ። አንተ እዚያ አጥር ሥር ቆመህ እጅህን የምትገርፈው እኔ ስለሰለቸኝ በጻፍኩት አንድ መስመር ነው። ይህን ሳስብ ራሴን ልመታው ይቃጣኛል። ዛሬውኑ ተወው። የተረፈውን ነቅለህ ጣለው፣ እንዳያምርህ።

ለሜትር የጻፍከውም ገብቶኛል። ቀላል ሥራ ይሰጣት ያልከው ለሰብአዊነት ብቻ አይደለም። ማረፍ ይሻላት እንደሆነ ልይ ብለህ ነው። ሱቅህን ልትዘጋ አስበህ መሆን አለበት፤ ከመዝጋትህ በፊት መልሱን ፈልገህ ነበር። እንግዲህ መልሱን እነሆ፤ አምስት ሳምንት ማረፍን ሞክሬልሃለሁ። አይሻልም። ከሳማው የከፋ ነው። ሱቅህን ብትዘጋ አላናግርህም።

ማክሰኞ ሜትር ቢሮ ገባሁ። ሳይለኝ ተቀመጥኩ። የሚሽረው ደብዳቤ መጣ ወይ አለኝ። አይመጣም፣ ጸሐፊው ራሱ መጥቶ ይነግርሃል አልኩት። ቀጥዬም ያንተን ስም ሳልጠራ፣ እጁ እንደኔ የሆነ ዘመድ አለኝ፤ ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ከጎኔ ተቀምጦ ከኔ ሰም ቆርሼ ልስጠው፣ ያሽ፣ ይሂድ፤ ሻማ አይሠራ፣ ደመወዝ አይጠይቅ፣ አያስቸግር አልኩት። ሜትር ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። እንቢ ሊለኝ ነው ብዬ ስድቤን አዘጋጅቼ ነበር። ተነሥቶ ወጣ፤ ተከተልኩት። ጠረጴዛችን ጋ ደርሶ ሜትሩን አወጣና ጫፉን ለካ። ሳቂታ ትንሽ ፈቀቅ ካለች አንድ በርጩማ ይይዛል አለኝ። እሷም ፈቀቅ አልኩ አለች። ጸሐፊው እስኪመጣ ድረስ በቃሌ አምኖኝ፣ ከትናንት ጀምሮ እኔ ወደ ቦታዬ ተመልሻለሁ፤ ትንሿ ጣቴ ዛሬ ትንሽ ነቃ ብላለች። የቀለበት ጣቴ አኩርፋለች፤ ትመለሳለች አትመለስም አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚህ እንድትገኝ። ማክሰኞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጋ በስምህ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ከዚያ በፊት ሐኪሙ ያይሃል። እንደ ሚስጥር ጠባቂ ሹክ ብላ ነው የመዘገበችልኝ፣ አትፍራ። ዝንጅብሉንም ማሩንም ከወደድከው ብላ፤ ከኪኒኑ ጋር ይሁን እንጂ በኪኒኑ ፋንታ አይሁን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አንተ ደግሞ ደብቀህ መድኃኒቱን በሰው እጅ ስትፈልግ ኖርክ። ሰዓት ጠጋኝነትህ ይቀጥላል ብዬ ቃል አልገባልህም፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሰሙ ጋ ግን አንድ ጠዋት ተቀመጥ። እጅህ ሲነቃ ምን እንደሚመስል እኔ ብጽፍልህ አይገባህም።

ይህን ወረቀት ሹፌሩ ከእጅህ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ታይፒስቷ ጋ እንዳትወስደው። ራስህ አንብበው፤ ማንበብ በዓይን ነው። ፊደሌ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ ቢረግጥ ታገሠኝ፤ በነዚህ ጣቶች ነው የጻፍኩት፣ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ግን ይነበባል። አንተም ከዛሬ በኋላ እንደ ልጅ ተንጋዶብህም ቢሆን በእጅህ ጻፍልኝ። ጉዳዩ የሚል አልፈልግም።

ለሚስትህ የምትላት ካጣህ፣ እህቴ ታማለችና ሁለት ሳምንት ላስታምማት ብለህ ውጣ። እኔን ታማለች ማለት መቼም አይከብድህም። እውነቱን ስትመለስ አንተው ትነግራታለህ፤ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፣ እኔ ደግሞ ማሳመር አላውቅም።

ልጆቹን ሳምልኝ። እሷንም ሰላም በልልኝ። አሁንም እንደተቆጣሁ ነኝ፤ ስትመጣ በር ላይ ፈገግታ እንዳትጠብቅ። ሌላ ጊዜ ደብዳቤዬን ስጨርስ ደህና ሁን ነበር የምልህ።

እግዜር ይማርህ።

ታላቅ እህትህ